ቀዩን ሳይሆን ሰማያዊውን ጠርዝ እዩት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ በመስታወትና አሉሚኒየም ሥራ 14 ዓመት የቆየሁ ሰው ነኝ። ለጋዜጣ ጽፌ አላውቅም። ይህን የምጽፈው አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ ስለከረመ ነው። የእኔ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር፤ ግን በዚህ ሥራ እንጀራ የምንበላ ብዙ ነን፣ መስታወት አሠርተው ብራቸውን የሚከፍሉትም ከእኛ ይበዛሉ።

አሁን አሁን ግንባታ ቦታ ላይ ቴርማል ካሜራ፣ ማለትም የሞቀውን ቀይ፣ የቀዘቀዘውን ሰማያዊ አድርጎ የሚያሳይ ካሜራ፣ የያዘ ሰው ማየት እየተለመደ ነው። ጥሩ መሣሪያ ነው። የኤሌክትሪክ ሰዎች የላላና የሚግል ማሰሪያ ይፈልጉበታል፣ የሶላር ሰዎች የተበላሸ ፓኔል ይለዩበታል፣ ግድግዳ ውስጥ ውኃ የት እንደሚሰርግ የሚያዩበትም አሉ። ጣጣው የሚመጣው ካሜራው ወደ መስታወት ሲዞር ነው። «ይኸው፣ ቀይ የሆነው ቦታ ላይ ውጥረት አለ» ይባላል። በዚያ ፎቶ ምክንያት ክፍያ ይያዛል፣ ሰው ይወቀሳል። ይህ ስህተት ነው። ካሜራው የሚያሳየው ሙቀትን ነው። ውጥረትን አያይም። ከሙቀቱ ተነስቶ ውጥረቱን ማስላት ይቻላል፣ እኔም አስልቼዋለሁ፤ ሲሰላ ግን የሚያስፈራው ቀዩ ቦታ አይደለም። ሰማያዊው ነው።

የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

ካቻምና ከገና በፊት ሐይቁ አካባቢ ላለ አንድ ካፌ የፊት ለፊት መስታወት ገጠምኩ። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው፣ የጠዋት ፀሐይ ይመታዋል። መስታወቱ 6 ሚሊ፣ ግራጫ ቀለም ያለው ተራ መስታወት ነው፤ ቴምፐር የሚባለው፣ በሙቀትና በቀዝቃዛ አየር የተጠናከረው ዓይነት አይደለም። እያንዳንዱ ከላይ እስከ ታች 2 ሜትር ይሆናል። እኔ ጨርሼ ከወጣሁ በኋላ ባለቤቱ ሌላ ሰው ጠርተው ከውስጥ በኩል ጥቁር ስቲከር አስለጠፉ፣ ከስቲከሩ ኋላ ደግሞ ወፍራም መጋረጃ ሰቀሉ። ደንበኛ ፀሐይ እንዳይመታው ብለው ነው። እኔ ይህን አላወቅኩም ነበር።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

«ወንድሜ፣ መስታወትህ ፈነዳ። ማንም ሳይነካው!»

ስደርስ ተቆጣጣሪው ኢንጂነር ቀድሞኝ ነበር። ካሜራውን አዙሮ አሳየኝ። መሃሉ ደማቅ ቀይ፣ ዙሪያው ሰማያዊ። «ይኸው ውጥረቱ። መሃሉ ላይ ተወጥሮ ነው የፈነዳው። አጥብቀህ ነው የገጠምከው፣ ወይም መስታወቱ ውሸት ነው» አለኝ። ሰው ከቦ ነበር። ምንም አልመለስኩም፣ የምመልሰውም አልነበረኝም። ቀሪ ክፍያዬ በዚያው ተያዘ።

ሰዉ ሲበተን ግን ተንበርክኬ ስንጥቁን ተከተልኩት። መስታወት ሲሰበር የሚናገረው ነገር አለው። ድንጋይ የመታው ከሆነ የተመታው ነጥብ ይታያል፣ ከዚያ ዙሪያውን እንደ ሸረሪት ድር ይበተናል። ይህኛው እንደዚያ አልነበረም። ከታችኛው ጠርዝ፣ ከግራ ማዕዘኑ አንድ ክንድ ያህል ርቆ፣ በስኳድራ የተለካ ይመስል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተነስቷል። አራት ጣት ያህል ቀጥ ብሎ ከሄደ በኋላ መጠማዘዝ ጀመረ፣ እየተጠማዘዘ እስከ ላይኛው ቀኝ ጥግ ደረሰ። አንድ ስንጥቅ ብቻ ነው፣ ቅርንጫፍ የለውም። ጎማውን በቢላ ገልጬ የተነሳበትን ቦታ በጥፍሬ ዳሰስኩት። የጤፍ ፍሬ የምታክል ጉድፍ ነበረች። ስቆርጠው ወይ ሲጓጓዝ የተነሳች ስባሪ ነች። መሃሉ ላይ፣ ካሜራው ቀይ ባደረገው ቦታ፣ የተጀመረ ምንም ስንጥቅ የለም። ሁሉም የጀመረው ሰማያዊው ውስጥ ነው።

ልጅ ሆኜ ዘጌ አያቴ ቤት ስከርም ማታ ማታ ፋኖስ ይበራ ነበር። አንድ ቀን የፋኖሱ መስታወት ጥላሸት ይዞ አይቼ በእርጥብ ጨርቅ ልወለውለው ስል አያቴ እጄን ቀለብ አደረገችኝ። «ኧረ ልጄ! የጋለ ፋኖስ በእርጥብ አይነካም!» በዝናብ ቀን ደጅ የወጣ ፋኖስ አንዲት ጠብታ ሲያርፍበት ጣ ብሎ ሲሰነጠቅ ያላየ የገጠር ልጅ ያለ አይመስለኝም። ሻይ የሚሸጡ እናቶችም ይህን ያውቁታል። የፈላ ሻይ ከመቅዳታቸው በፊት ብርጭቆው ውስጥ ማንኪያ ጣል ያደርጋሉ፤ ማንኪያው ከሙቀቱ የተወሰነውን ይወስድለታል። ወፍራም ብርጭቆ ከስሱ ይልቅ ቶሎ የሚሰነጠቀውም በዚሁ ምክንያት ነው፦ ውስጡ ሲግል ውጭው ገና ቀዝቃዛ ነው። መስታወት መጋል ራሱ አይሰብረውም። አንዱ ጎኑ ግሎ ሌላው ጎኑ ሲቀዘቅዝ ነው የሚሰበረው።

የካፌው መስታወትም ያው ነው። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ግራጫው መስታወት ጨረሩን ይመጠዋል። ጥቁሩ ስቲከር ይጨምርበታል። መጋረጃው ደግሞ ሙቀቱ ወደ ቤት እንዳይወጣ አፍኖ ይይዘዋል። መሃሉ ይግላል። ጠርዙ ግን አሉሚኒየሙ ውስጥ ተቀብሯል፣ ፀሐይ አታገኘውም፣ አሉሚኒየሙ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የቀዘቀዘ ኮንክሪት ላይ ተጣብቋል። የጥር ሌሊት ባሕር ዳር ላይ እንዴት እንደሚበርድ ማለዳ ወደ ሐይቁ የሚወርድ ሁሉ ያውቀዋል። የጋለው መሃል ሊሰፋ ይፈልጋል። ቀዝቃዛው ጠርዝ አልሰፋም ይላል።

ከበዓል ምሳ በኋላ ቀበቶ ሲያስጨንቅ አስቡት። የሞላው ሆድ ነው፣ የሚለጠጠው ግን ቀበቶው ነው። ቢበጠስ የሚበጠሰውም እሱ ነው። መሃሉ ቀይ የሆነ መስታወት ውስጥ መሃሉ እየተጨመቀ ነው፣ ጠርዙ እየተለጠጠ ነው። መስታወት ደግሞ ጭመቃን በደንብ ይችላል፣ መለጠጥ ነው የማይሆንለት። ስለዚህ ኢንጂነሩ «ውጥረቱ እዚህ ነው» ብሎ ጣቱን የቀሰረበት ቦታ መስታወቱ የማይሰበርበት ቦታ ነበር።

ይህን በአፍ ማስረዳት አልቻልኩም። ስለዚህ ልለካው ወሰንኩ።

የአክስቴ ልጅ የኤሌክትሪክ ሥራ ይሠራል፣ ካሜራ አለው። ለመንኩት፣ ሰጠኝ። የካፌው ባለቤት ምስጋና ይድረሳቸውና ባይከፍሉኝም እንድለካ ፈቀዱ። ከተሰበረው ጎን ያለው መስታወት በመጠንም በቀለምም አንድ ነው፣ ስቲከርም መጋረጃም አለበት፣ ግን አልተሰበረም። እሱን መረጥኩ።

የመጀመሪያው ቀን ልኬት ሙሉ በሙሉ ከንቱ ሆነ። ምክንያቱን ልጻፈው፣ ካሜራ የያዘ ሁሉ ይጠንቀቅበት። ካሜራውን ፊት ለፊት ስደግነው መሃሉ ላይ የሰው ቅርጽ ያለው የሞቀ ነገር ታየ። እኔው ነኝ። ይህ ካሜራ የሚያነበውን የሙቀት ጨረር መስታወት አያሳልፍም፤ ከመስታወት ኋላ የቆመ ሰው በካሜራው አይታይም። መስታወቱ የራሱን ሙቀት ይሰጣል፣ ላዩ ላይ ደግሞ እንደ መልክ ማያ መስታወት የፊት ለፊቱን ሙቀት ጥቂት ያንጸባርቃል። የእኔን ገላ አንጸባረቀ። ትንሽ ዞር ብዬ ስቆም ደግሞ ጥርት ያለው ሰማይ ተንጸባረቀና ከእውነቱ ቀዝቀዝ አድርጎ አሳየኝ። ሰማይ ለዚህ ካሜራ በጣም ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ ጥቁር ናስትሮ ለጥፌ እሱን ላንብብ አልኩ፤ ኤሌክትሪኮች እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። ግን ጥቁር ናስትሮ ፀሐይ ላይ ራሱ ይግላል። መስታወቱን ሳይሆን ናስትሮውን ነበር የለካሁት።

በሁለተኛው ቀን ቀለም ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ነጭ የወረቀት ፕላስተር ቆርጬ ለጠፍኩ። ነጭ ስለሆነ ፀሐይ ብዙ አያግለውም፣ ወረቀት ስለሆነ አያንጸባርቅም። አንድ ቁራጭ መሃል ላይ። ሌላ ቁራጭ ጠርዙ ላይ፣ ጎማውን ጣት በምታህል ርዝመት ገልጬ። ከጎን በኩል ሰያፍ ብዬ ቆሜ አነበብኩ።

ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መሃሉም ጠርዙም 14 ዲግሪ ነበሩ። ካሜራው ላይ መስታወቱ አንድ ዓይነት ቀለም ነው፣ ምንም ወሬ የለበትም። አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን መሃሉ 29 ደረሰ፣ ጠርዙ 15። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሲል መሃሉ 46፣ ጠርዙ 18። የ28 ዲግሪ ልዩነት። ከዚያ በኋላ ጠርዙም እየሞቀ መጣና አራት ሰዓት ላይ ልዩነቱ ወደ 22 ወረደ። በሦስተኛው ቀን ደገምኩት፣ ያው ሆነ። የተሰበረው መስታወት የጮኸው ስንት ሰዓት እንደሆነ አስተናጋጇን ጠየቅኋት። «ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ሁለተኛውን ዙር ማኪያቶ ስናወጣ» አለችኝ።

አሁን ሒሳቡ። ተራ መስታወት በአንድ ዲግሪ የሚሰፋው ከርዝመቱ 9 ሚሊዮንኛ ነው። የ2 ሜትር መስታወት በ28 ዲግሪ ግማሽ ሚሊ ሊረዝም ይፈልጋል ማለት ነው። ግማሽ ሚሊ ለእንጨት ምንም አይደለም። መስታወት ግን ግትር ነው፤ ግትርነቱ 70 ጊጋ ፓስካል ገደማ ነው (ፓስካል የጫና መለኪያ ነው)፣ ከአሉሚኒየም ጋር ይቀራረባል፤ ግን እንደ አሉሚኒየም ትንሽ እንኳን ታጥፎ አይተነፍስም። ሁለቱን ቁጥሮች ስታባዟቸው በመሃልና በጠርዝ መካከል ያለ እያንዳንዱ የ1 ዲግሪ ልዩነት ጠርዙን እስከ 0.63 ሜጋ ፓስካል ድረስ ይለጥጠዋል። በእኛ ቋንቋ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 6 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። በ28 ዲግሪ ሲባዛ 180 ኪሎ አካባቢ ይመጣል። የጥፍር ስፋት ባለው ቦታ ላይ ሁለት ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጤፍ ተንጠልጥሎ ቁልቁል ሲስብ ማለት ነው።

ጠርዙ ንጹህ ሆኖ የተቆረጠ ተራ መስታወት እስከ 40 ዲግሪ ልዩነት ድረስ ሊሸከም ይችላል። ጉድፍ ያለበት ጠርዝ ግን አይችልም። ጎረቤቱ ቻለ፣ ያኛው አልቻለም። ልዩነታቸው ያቺ የጤፍ ፍሬ ነች። ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ የሌላ ሰው ነው አልልም። ያንን ጠርዝ ሞርጄው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዛሬም ይቆም ነበር። አሁን አንድም መስታወት ጠርዙን ሳልሞርድ ከሱቄ አይወጣም። ያለ ስቲከሩና ያለ መጋረጃው ግን ልዩነቱ 28 አይደርስም ነበር፤ ይህንንም ባለቤቱን አስፈቅጄ በአራተኛው ቀን መጋረጃውን ብቻ ገልጬ አይቼዋለሁ፣ ወደ 21 ወረደ።

ካሜራው ለመስታወት የሚጠቅመው እንዲህ ነው። ፎቶ አንስቶ ቀይና ሰማያዊ ማሳየት አይበቃም። ጠርዝና መሃል ይለካል፣ ሰዓት ይመዘገባል፣ ልዩነቱ በዚያ በ0.63 ይባዛል። መለኪያ የሚሆነው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ሌላው ስህተት ልሂድ። ይህኛው የባሰ ነው። «ቴምፐር መሆኑን በካሜራ አረጋግጠናል» ሲባል ሰምቻለሁ። በፍጹም አይቻልም።

ቴምፐር የሚሠራው መስታወቱን ከ600 ዲግሪ በላይ አግሎ በሁለቱም ፊቱ ላይ ቀዝቃዛ አየር በኃይል በመንፋት ነው። ፊቱ ቀድሞ ይደርቃል። ውስጡ ኋላ ላይ ሲቀዘቅዝ ሊኮማተር ይፈልጋል፣ የደረቀው ፊት ግን አይለቀውም። በዚህ ምክንያት ፊቱ ለዘላለም እንደተጨመቀ፣ ሆዱ እንደተለጠጠ ይቀራል። በዓለም የሚሠራበት የአሜሪካኖቹ ደረጃ የፊቱ ጭመቃ ቢያንስ 69 ሜጋ ፓስካል እንዲሆን ይጠይቃል። በካሬ ሴንቲ ሜትር 7 ኩንታል ነው! ጥንካሬው ከዚህ ነው የሚመጣው፤ እንዲሰበር መጀመሪያ ያንን ጭመቃ ማሸነፍ ያስፈልጋል። የሙቀት ልዩነትም 200 ዲግሪ ገደማ ይችላል። ግን ይህን ሁሉ ጉልበት ተሸክሞ ሱቅ ውስጥ የቆመ ቴምፐርና አጠገቡ የቆመ ተራ መስታወት በሙቀት እኩል ናቸው። ሁለቱም 22 ዲግሪ። ካሜራው ሁለቱን አንድ ቀለም ነው የሚቀባቸው። የታሰረ ውጥረት ሙቀት የለውም።

የታሰረውን ውጥረት የሚያሳየው ብርሃን ነው። ይህን ለማየት ደግሞ ውድ ዕቃ አያስፈልግም፣ እኔ ራሴ ያየሁት ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ነው።

አንድ እሑድ ከአክስቴ ልጅ ጋር ሐይቁ ዳር መኪና አቁመን ነበር። የእሱ ቪትዝ ነች። ፖላራይዝድ መነጽር አድርጌያለሁ፣ ጀልባ የሚነዱ ልጆች የሚያደርጉትን ዓይነት፤ የውኃውን ነጸብራቅ ስለሚያጠፋላቸው ከላይ ሆነው ውስጡን ያዩበታል። በኋላው በር መስታወት በኩል ውኃውን ስመለከት መስታወቱ ነብር ሆነ። ሰማያዊና ግራጫ ነጠብጣብ፣ በረድፍ በረድፍ፣ አንድ ጣት ያህል ተራርቆ። መነጽሩን አወለቅኩ፣ ጠፋ። አደረግኩ፣ መጣ። በሩን ከፍቼ ያለ መስታወቱ ውኃውን አየሁ፣ ምንም ነጠብጣብ የለም። ነጠብጣቡ መስታወቱ ውስጥ ነው! ፋብሪካው ውስጥ ቀዝቃዛው አየር የወጣባቸው ቀዳዳዎች ምልክት ነው፤ አየሩ በቀጥታ የመታው ቦታና በመካከል ያለው ቦታ ጭመቃቸው ይለያያል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከውኃ ላይ ተንጸባርቆ የሚመጣ ብርሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ይሆናል፤ በተለይ ከሽቅቡ መስመር 53 ዲግሪ አካባቢ ላይ። መነጽሩ ያንን አቅጣጫ ይዘጋዋል፣ ስለዚህ ነጸብራቁ ይጠፋል። መሃል ላይ የተወጠረ መስታወት ከገባ ግን ብርሃኑን ያዞረዋል፣ የዞረውም መነጽሩን አልፎ ዓይን ውስጥ ይገባል። ውጥረት በሌለበት ጨለማ፣ ባለበት ብርሃን። ሁለቱንም፣ የነጸብራቁን ማዕዘንም የተጨመቀ መስታወት ብርሃን እንደሚያዞርም፣ የጻፈው አንድ ሰው ነው፦ ዴቪድ ብሩስተር የሚባል የስኮትላንድ ሰው፣ ከ200 ዓመት በፊት። ዛሬም ፋብሪካዎች ትክክለኛ ልኬት ሲፈልጉ የሚጠቀሙት በዚሁ መንገድ ነው፣ የዞረውን መጠን ለክተው ወደ ሜጋ ፓስካል ይመልሱታል።

ቤት ውስጥ ለመሞከር የሚፈልግ የላፕቶፑን ስክሪን ነጭ አድርጎ ይክፈት፣ ፖላራይዝድ መነጽሩን ስክሪኑ ጥቁር እስኪሆን ድረስ ያዙር፣ ከዚያ የመስታወት ቁራጩን በስክሪኑና በመነጽሩ መሃል ይያዘው። ተራ መስታወት ከሆነ ጨለማው ይቀጥላል። ቴምፐር ከሆነ ጠርዙ አካባቢ ነጭ ብርሃን ይፈካል፣ አንዳንዴም ቀለም ይይዛል። ደንበኞቼን ሱቄ ድረስ አምጥቼ የማሳያቸው ይህንን ነው። ቴምፐር ብለው ከፍለው ተራ መስታወት የተሰጣቸው ሁለት ሰዎች እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ነው ያወቁት። በረንዳ ላይ፣ ደረጃ ላይ፣ ልጆች በሚደገፉበት ቦታ ይህ ቀልድ አይደለም። ተራ መስታወት ሲሰበር እንደ ጎራዴ ነው፣ ቴምፐር ሲሰበር እንደ ባቄላ ነው።

«ታዲያ በሙቀት ካሜራ ውጥረት የሚለኩ ላቦራቶሪዎች አሉ ይባላል፣ ውሸት ነው?» የሚለኝ ይኖራል። ውሸት አይደለም። አንድ ነገር በድንገት ሲለጠጥ በጣም ጥቂት ይቀዘቅዛል፣ ሲጨመቅ ጥቂት ይሞቃል። የፊዚክስ ሊቁ ሎርድ ኬልቪን በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. ቀመሩን አስቀምጦታል። ላቦራቶሪ ውስጥ ዕቃውን በማሽን እያወዛወዙ፣ ከውዝዋዜው ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርደውን ሙቀት በሺህ የሚቆጠሩ ምስሎች አማካይነት ያጠሩታል። ግን ለመስታወት አስሉት፤ 10 ሜጋ ፓስካል ቢለዋወጥ ሙቀቱ የሚለዋወጠው ከዲግሪ መቶኛ ጥቂት ብቻ በልጦ ነው። እኛ የምንይዘው የእጅ ካሜራ የዲግሪ ሃያኛ መለየት ከቻለ ጎበዝ ነው። በዚያ ላይ ይህ መንገድ የሚያየው የሚለዋወጥ ጫናን እንጂ የታሰረውን አይደለም። ካፌ በር ላይ ቆሞ በእጅ ካሜራ የሚሆን ነገር አይደለም።

ቴምፐር አንዳንዴ ማንም ሳይነካው፣ ሙቀትም ሳይለወጥ ፈንድቶ ይወርዳል፤ ውስጡ የቀረች የኒኬል ሰልፋይድ ቅንጣት ከጊዜ በኋላ ስታብጥ ነው። እሷንም ካሜራ አያያትም። የምትታወቀው ፋብሪካው ራሱ መስታወቱን ምድጃ ውስጥ አስቀምጦ ሲፈትነው ነው።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው።

ባለ ሕንፃዎች፣ መስታወት ከተገጠመ በኋላ ጥቁር ስቲከር ልታስለጥፉ ካሰባችሁ መጀመሪያ ገጣሚውን ጠይቁት። ባለ ቀለም መስታወት ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ዞሮ ስቲከር ከተጨመረበት ቴምፐር ይሁን፣ ዋጋው ቢጨምርም። መጋረጃው ከመስታወቱ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ከላይና ከታች አየር መውጫ ይኑረው። ማስታወቂያ ሰሌዳ ወይም ጥላ የመስታወቱን ግማሽ ብቻ የሚሸፍን ከሆነም አስቡበት፤ ግማሹ ሲግል ግማሹ ይቀዘቅዛል።

ተቆጣጣሪዎች፣ ካሜራውን አትጣሉት። ነገር ግን በቀለም ብቻ አትፍረዱ። ቀለሙን እኮ ካሜራው ራሱ ነው የሚያከፋፍለው፤ 20 ዲግሪና 22 ዲግሪ ብቻ ያለበትን መስታወትም ቀይና ሰማያዊ አድርጎ ይቀባዋል። ቁጥሩን አንብቡ፣ ሰዓቱን ጻፉ፣ ስንጥቁ ከየት እንደተነሳ ፎቶ አንሱ። ስብርባሪው ከመጠረጉ በፊት!

የሙያ ባልደረቦቼ፣ እኛም ጠርዝ እንሞርድ። ለመስታወቱ በዙሪያው መላወሻ እንተውለት፣ ከሥሩ ጎማ እናስቀምጥ፣ መስታወት ብረት ወይም ኮንክሪት እንዲነካ አንፍቀድ።

ከተማችን የዩኒቨርሲቲ ከተማ ነች። የቴክኖሎጂ ትምህርት ከ1950ዎቹ ጀምሮ እዚህ ሲሰጥ ኖሯል። የፖላራይዘር መሣሪያና ጥሩ ካሜራ ያላቸው መምህራን በዓመት አንድ ቀን እንኳን ለእኛ ለእጅ ሠራተኞች በራቸውን ቢከፍቱልን ስንት ጭቅጭቅ በቀረ። እኛም የተሰበረ መስታወታችንን ይዘን እንመጣለን፤ ለተማሪዎቻቸው ከዚያ የተሻለ መማሪያ የለም።

የካፌው ነገር እንዲህ አለቀ። የለካሁትን ሁሉ በወረቀት ጽፌ፣ የጠርዙን ፎቶ ጨምሬ ለባለቤቱ ሰጠኋቸው። «ጋሼ፣ ያቺ ጉድፍ የእኔ ጥፋት ነች፣ ስቲከሩ ደግሞ የእኔ አይደለም» አልኳቸው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። የአዲሱን መስታወት ዋጋ ለሁለት ተካፈልን፣ ቀሪ ክፍያዬን ከፈሉኝ፣ መጋረጃውንም በዚያው ቀን ወደ ኋላ ሳቡት። አዲሱ ቴምፐር ነው፤ ከመግጠሜ በፊት በላፕቶፕ ስክሪን ላይ አብረን አየነው። ከኢንጂነሩ ጋር ግን ገና አልተገናኘንም። ይህን ጋዜጣ የሚያነብ ከሆነ ሱቄን ያውቀዋል፣ ካሜራውን ይዞ አንድ ጠዋት ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ አብረን ብንለካ ደስ ይለኛል። የወረቀት ፕላስተር እኔ ጋ አለ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመስታወትና አሉሚኒየም ሠራተኛ፣ ከባሕር ዳር